የምን ዘይት?

ደብረ ብርሃን፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ያለ ጋራዥ። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንዲት ነጭ ሃይሉክስ ፒክአፕ፣ ባለ 5ኤል የናፍጣ ሞተር፣ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። መካኒኩ ስድሳን ተሻግረዋል። ባለመኪናው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ከቆላ ሽንኩርት እያመጣ የሚያድር ሰው ነው። አንድ ረዳት ልጅም አለ፤ እጁ ቁልፎቹ ላይ፣ ጆሮው ወሬው ላይ።

ባለመኪና፦ እንደምን አደሩ ጋሼ? ይቺ መኪና ልትገድለኝ ነው። መሪዋ ድንጋይ ሆነብኝ።

መካኒክ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። መቼ ጀመራት?

ባለመኪና፦ ወር ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ታቃስት ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ቆይቶ ቀትር ላይም ማቃሰት አመጣች። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ እዚያ ጥምዝምዙ ላይ፣ አንዴ ቀለል፣ አንዴ ክብድ ትለኝ ጀመር። ክንዴ ዝሎ ነው የደረስኩት። ሾፌር ጓደኞቼ ፓምፑ ሞቷል፣ አዲስ አበባ ውረድና ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፓምፕ ግዛ አሉኝ።

መካኒክ፦ ሬሳውን ሳያዩ አረዱህ? ብርዱን አላጣጥለውም፤ የመሪ ዘይት በብርድ ይወፍራል፣ ሞተር እንደተነሳ ትንሽ ብታንጎራጉር ያለ ነው። ሞተሩ ሞቆ ካላቆመች ግን በብርዱ አታሳብብ። ነዳጅ ስትሰጣት ማቃሰቱ አብሮ ይጨምራል?

ባለመኪና፦ ይጨምራል። ነዳጁን ስለቅ ይወርዳል።

መካኒክ፦ መሪውን ጥግ ድረስ ስትጠመዝዝስ፣ ሲር የሚል ጩኸት አለ?

ባለመኪና፦ እሱ የለም።

መካኒክ፦ እንግዲያው ቺንጋው አይደለም። የላላ ቺንጋ ሸክም ሲመጣበት ነው የሚጮኸው፤ መሪው ጥግ ሲደርስ ደግሞ ትልቁ ሸክም ነው። ከሞተሩ ጋር እየወጣ እየወረደ የሚያቃስተው ፓምፑ ነው። ያቃሰተ ሁሉ ግን ታሟል ማለት አይደለም፤ የተራበም ያቃስታል። ክብደቱ በየት በኩል ነው? በግራ? በቀኝ?

ባለመኪና፦ በሁለቱም።

መካኒክ፦ መልካም። ወደ አንድ ወገን ብቻ ቢከብድ ፓምፑን ትቼ የመሪ ሳጥኑን ነበር የምጠረጥረው። ፓምፕ ግራና ቀኝ አያውቅም፤ ዘይቱን ገፍቶ መላክ ብቻ ነው ሥራው። ወዴት እንደሚገፋ የምትወስነው ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ቫልቭ ናት። አንተ ልጅ፣ ክሪኩን አምጣና ፊቷን አንሳት።

(ረዳቱ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከመሬት አንስቶ መኪናዋን በእንጨት ደገፋት። መካኒኩ ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ከጥግ ጥግ አዞሩት።)

መካኒክ፦ አየህ? ሳይይዝ፣ ሳያንገጫግጭ ዞረ። ቴስቲናዎቹ ደህና ናቸው፣ የደረቀ መጋጠሚያም የለም። ስንቱ «መሪዬ ከበደ» ብሎ መጥቶ ጎማውን አስነፍቶ ብቻ ይሄዳል! ያንተ ግን ሕመሙ ከዘይቱ ነው። እስቲ ክዳኑን ክፈተው።

ረዳት፦ አረፋ ሞልቶታል፤ ቀለሙም ቀይ አይደለም።

መካኒክ፦ ምን ይመስላል?

ረዳት፦ ወተት የበዛበት ማኪያቶ።

መካኒክ፦ የዚች መኪና የመሪ ዘይት በመጽሐፏ የተጻፈው ኤቲኤፍ ነው፤ ዴክስሮን 2 ወይም 3። ቀለሙ እንደ ቀይ ከረሜላ ነው፤ ጤነኛ ሲሆን ብርሃን ያሳልፋል። ሲያረጅ ቡኒ፣ ሲቃጠል ጥቁር ይሆናል፤ ሽታውም ይለወጣል። ይሄ ግን ያረጀም የተቃጠለም አይደለም። አየር ገብቶበታል፤ ሌላም ነገር ሳይገባበት አይቀርም። ምን ስትጨምርበት ነበር?

ባለመኪና፦ ዘይት ነዋ።

መካኒክ፦ የምን ዘይት?

ባለመኪና፦ የመሪ ዘይት። ቀዩን።

መካኒክ፦ ሁልጊዜ?

ባለመኪና፦ አዎ… ሁልጊዜ ማለት ይቻላል።

መካኒክ፦ «ማለት ይቻላል»ን እንመለስበታለን። ስንት ጨመርክ?

ባለመኪና፦ በዚህ ወር ሁለት ሊትር ይሆናል። ባየኋት ቁጥር ጎድላ አገኛታለሁ፤ እሞላታለሁ።

መካኒክ፦ ከማጠራቀሚያው እስከ ሳጥኑ ተደምሮ የምትይዘው ወደ አንድ ሊትር ነው። ደሟን ሁለት ጊዜ አፍስሰህ ሁለት ጊዜ ቀይረሃል ማለት ነው፤ የት እንደሚደማ ግን አልጠየቅህም። ስማ፣ የሞተር ዘይት ይቃጠላል፤ ትንሽ ትንሽ ቢጎድል ያለ ነው። የመሪ ዘይት የሚቃጠልበት ቦታ የለውም። ከማጠራቀሚያ ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ በግፊት ቱቦ ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን በመመለሻው ወደ ማጠራቀሚያ፤ ሌላ መንገድ አያውቅም። ጎደለ ካልከኝ ፈሰሰ እልሃለሁ። ማታ የምታቆማት የት ነው?

ባለመኪና፦ ግቢ፤ አፈር ላይ።

መካኒክ፦ አፈር ጠጥቶ ይደብቃል። አንድ የተዘረጋ ካርቶን ከሥሯ ብታነጥፍ ጠዋት ሁሉን ይነግርህ ነበር። ጥቁር ጠብታ የሞተር ነው። ቢጫ ሆኖ ድኝ ድኝ የሚል የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ነው። ናፍጣን አፍንጫህ ያውቀዋል። ቀይ ከሆነ የመሪ ነው።

ባለመኪና፦ ቀይስ አይቼ ነበር፤ አንድ ቀን ጋደም ብዬ ሳይ። የራዲያተር መስሎኝ ነው። የራዲያተሩም ቀይ ነው።

መካኒክ፦ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በሁለት ጣትህ አሽተው፤ የራዲያተሩ እንደ ውሃ ይሆንብሃል፣ የመሪው ያሟልጫል። ግን ያንን የምታደርገው መሬት ላይ በወደቀው ጠብታ ነው። ሞተሩ እየሠራ እጅህን ወደ ግፊት ቱቦው ሰደህ ቀዳዳ አትፈልግ። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማህ ግፊት ጋር አይወዳደርም፤ መሪው ጥግ ሲደርስ ጎማህ ውስጥ ያለውን ሃያና ሠላሳ እጥፍ ይሆናል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን አስጠጋና ካርቶኑ ይረጥብ።

ባለመኪና፦ ጥግ ሲደርስ ካሉኝ ላይቀር፣ ገበያ ውስጥ ስቆም መሪውን ጥግ አድርሼ ጭምቅ አድርጌ የመያዝ ልማድ አለኝ።

መካኒክ፦ ተወው። ጥግ ላይ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ ፓምፑ ውስጥ ባለች ትንሽ ቫልቭ እዚያው በዚያው እየተሽከረከረ ይግላል። ለጥቂት ሰኮንድ ይቻላል፤ ከአሥር ሰኮንድ ካለፈ ፓምፑን እየጠበስከው ነው። ከደረስክ በኋላ ትንሽ መለስ አድርገው። አሁን ወደ «ማለት ይቻላል» እንመለስ።

(ዝምታ። ባለመኪናው የሻይ ብርጭቆውን በእጁ ያዞራል።)

ባለመኪና፦ እንዲያውም ጋሼ፣ ለአራት ቀን ፈጽማ ድና ነበር። አልፈሰሰችም፣ አላቃሰተችም።

መካኒክ፦ ምን አድርገህ?

ባለመኪና፦ መንገድ ላይ ጎደለችብኝ። ከአንድ ሱቅ ቀዩን ብጠይቅ የለም። «ዘይት ያው ዘይት ነው» ብሎ ሌላ ሰጠኝ። ያን ጨምሬ ነው የቆመችልኝ።

መካኒክ፦ ጠርሙሱ አለህ?

(ባለመኪናው ከወንበሩ ኋላ ግማሽ የቀረች ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ሰጣቸው። መካኒኩ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡ።)

መካኒክ፦ ዶት 3። የፍሬን ዘይት ነው።

ባለመኪና፦ አዎ፤ ዘይት ነው ብዬ…

መካኒክ፦ አንተ ልጅ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ግማሽ ግማሽ ውሃ ቀድተህ አምጣ። ከቀዩም ጠብ የሚል ያዝ።

(ብርጭቆዎቹ ክንፉ ላይ ተቀመጡ። መካኒኩ በአንደኛው ቀዩን ጠብ አደረጉ፤ ውሃው ላይ ክብ ሠርቶ ተንሳፈፈ። በሌላው ከጠርሙሱ ጠብ አደረጉና በካቻቢቴ ጫፍ አማሰሉት።)

መካኒክ፦ የታለ?

ባለመኪና፦ ጠፋ። እንደ ስኳር ሟሟ።

መካኒክ፦ ዘይት ከውሃ ጋር ይስማማል?

ባለመኪና፦ አይስማማም።

መካኒክ፦ ታዲያ ይሄ ዘይት ነው?

ባለመኪና፦ …አይደለም። ታዲያ ለምን የፍሬን ዘይት ይሉታል?

መካኒክ፦ እኛ ነን ያልነው። ጋራዥ ውስጥ የምናወራው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሬኑ፣ ቺንጋው፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ከጣሊያን ጋር የመጣ ነው። «ዘይት» ግን የቆየ የራሳችን ቃል ነው፤ ግእዙም ዘይት ነው የሚለው። ለወጥም፣ ለኩራዝም፣ ለቅባትም ያገለገለ ቃል ስለሆነ፣ መኪና ሲመጣ ፈሳሹን ሁሉ በዚያው ጠራነው። የሞተሩ ዘይት፣ የካምቢዮው ዘይት፣ የመሪው ዘይት፤ እነዚህ እውነትም ዘይት ናቸው። የፍሬኑ ግን ግላይኮል የሚሉት ሌላ ዘር ነው። ስሙን አውሰነው ነው እንጂ ከዘይት ጋር ዝምድና የለውም። ባለሱቁም አንተም አልዋሻችሁም፤ ቃሉ ነው ሁለታችሁንም ያሳሳታችሁ።

ባለመኪና፦ ታዲያ ለምን አራት ቀን ሠራልኝ?

መካኒክ፦ ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለማ። የመሪው ላስቲክ ከነዳጅ ከሚወጣ ዘይት ጋር እንዲኖር ነው የተሠራው። የፍሬኑ ላስቲክ ደግሞ ከዚህ ከጠርሙሱ ጋር እንዲኖር። አለዋውጠህ ስትሰጣቸው ሁለቱም ያብጣሉ። አንተ ያን ስትጨምር የመሪው ላስቲኮች አበጡ፤ ቀዳዳቸውን በእብጠታቸው ደፈኑት። እግር አብጦ ሰፊ ጫማ ቢሞላ ዳነ ይባላል? ከአራት ቀን በኋላ ያው ላስቲክ ልቡ ለሰለሰ፣ እንደ ማስቲካ ሆነ፤ ከበፊቱ ብሶ ለቀቀ። ጣርማ በር ላይ የከበደህ ያኔ ነው።

ረዳት፦ ጋሼ፣ ተገላብጦ ቀዩ ፍሬን ውስጥ ቢገባስ?

መካኒክ፦ እሱን አያምጣው። መሪው ቢከብድህ ክንድህ ነው የሚደክም፤ ቴስቲናና ብረት ከጎማው ጋር አያይዘውታልና እየታገልክም ቢሆን ይዞራል። ፍሬን ውስጥ ቀይ ዘይት ከገባ ግን የማስተሩም የየጎማውም ጎሚኒ ያብጣል፤ አንዱ ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ይለቃል። የጣርማ በርን ቁልቁለት በዚያ አትወርደውም። ደግሞ ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ላስቲክ የነካውን ሁሉ መቀየር ነው።

ባለመኪና፦ አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ አለው። የመሪ ዘይቱ ሲፈስበት ፍሬኑም አብሮ ከበደ ብሎኝ ነበር። እሱም አለዋውጦ ይሆን?

መካኒክ፦ አይደለም፤ እዚያ ሌላ ምክንያት አለ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ መሳቢያው ውስጥ ቫኩም ይፈጠራል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው እሱ ነው። ናፍጣ ግን አየሩን ሳያፍን ስለሚስብ ያ ቫኩም የለውም። ላንተዋ ከዲናሞው ኋላ የቫኩም ፓምፕ ለጥፈውላታል፤ እሱ ነው ፍሬኑን የሚያግዝልህ። የአሜሪካ ትልልቆቹ የናፍጣ ፒክአፖች ብዙዎቹ ግን የመሪውን ፓምፕ «ፍሬኑንም አንተው ግፋ» ብለውታል። ስለዚህ የመሪ ዘይት ሲያልቅ ሁለቱም ይከብዳሉ። የተጠራቀመ ግፊት ስላለ ጥቂት ጊዜ ያህል ይረግጥለታል፤ ከዚያ በኋላ በጉልበቱ ነው። ለሱ ንገረው፤ የመሪ ዘይት ሲጎድልበት የፍሬን ጉዳይ ነው ብሎ ይያዘው።

(መካኒኩ በባትሪ መብራት ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የምትወርደውን አጭር ጎማ ቱቦ ያያሉ። ፋሸታዋን ፈተው አወጧት። ጠርዟ ላይ፣ ፋሸታው ተቀምጦ በነበረበት፣ ግማሽ ክብ ስንጥቅ አለ። ሲጫኗት ጣታቸው ላይ ጥቁር ቀለም ለቀቀች።)

መካኒክ፦ ጥፋተኛዋ ይቺ ናት። ይቺ ግፊት የለባትም፤ የምትስብ ቱቦ ናት። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ በስንጥቋ አየር ይስባል፤ አረፋውና ማቃሰቱ ከዚያ መጣ። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ በዚያችው ስንጥቅ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ቀን አየር ትጠጣለች፣ ሌሊት ዘይት ትተፋለች። ለዚህ ነው ስታቆማት እንጂ ስትነዳት ስትፈስ ያላየሃት።

ባለመኪና፦ የአንድ ስንዝር ቱቦ! እኔ እኮ ለፓምፕ ገንዘብ ይዤ ነው የመጣሁት።

መካኒክ፦ መጀመሪያ ቀን ብትመጣ በቱቦና በፋሸታ ትሄድ ነበር። አሁን ጠርሙስህ ሥራ ጨምሮብናል። የፓምፑን ኦይል ሲልና ኪት፣ የሳጥኑን ኦይል ሲል፣ ቱቦዎቹን ሁሉ እንቀይራለን። ፓምፑ ራሱ መሞት አለመሞቱን ብረቱ ይነግረናል። ነጭ ወረቀት አምጣ።

(ከማጠራቀሚያው በስሪንጅ ስበው ወረቀቱ ላይ አንጠባጠቡና ወደ ፀሐይ አዘነበሉት።)

መካኒክ፦ ጥቁር ፍርፋሪ አለ፤ የቱቦው ላስቲክ ነው። የብረት ብልጭታ ግን አይታየኝም። የፓምፑ ቅጠሎች ገና አልተበሉም። ሶማሌ ተራ መውረዱ ይቅር።

ረዳት፦ ጋሼ፣ ውስጡን በናፍጣ ጠበል ጠበል እናድርጋት?

መካኒክ፦ የተፈታውን ብረት ውጭ በናፍጣ እጠበው፤ አድርቀው። ገጥመን ስናበቃ ግን ናፍጣ ውስጧ አይዞርም። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሚገፋው ዘይት ነው፤ ናፍጣ ስትሰጠው ብረት ለብረት ይፋጫል። የምናጥበው በራሱ በቀዩ ነው። መመለሻውን ቱቦ ነቅለህ ጀሪካን ውስጥ ትከታለህ፣ ማጠራቀሚያው ላይ የቀረውን አፍ ትደፍናለህ፣ እኔ ከላይ እየሞላሁ አንተ መሪውን ታዞራለህ። የሚወጣው ከሚገባው ጋር አንድ ቀለም እስኪሆን።

(ከሰዓት በኋላ። ኦይል ሲሎቹና ቱቦዎቹ ተቀይረዋል፤ ጀሪካኑ ውስጥ መጀመሪያ ቡኒ፣ በኋላ ቀይ ፈስሷል። ፒክአፗ አሁንም ክሪክ ላይ ናት።)

መካኒክ፦ ሞተር አታስነሳ። ከጥግ ጥግ፣ በቀስታ። አየሩ በራሱ ጊዜ ይውጣ፤ ካጣደፍከው ተበጥብጦ አረፋ ይሆናል። ዘይቱ ሲወርድ እጨምራለሁ።

ባለመኪና፦ ስንት ጊዜ?

መካኒክ፦ አረፋ መውጣት እስኪያቆም። ሃያም ይሁን ሠላሳ… በቃ፣ አሁን አስነሳ። ነዳጅ አትስጥ። ግራ። ቀኝ። ጥግ ላይ አትያዘው ብዬሃለሁ! አሁን መሀል አድርገው። ዘይቱ የት ድረስ ነው?

ረዳት፦ እዚህ ጋ፤ ምልክት አድርጌበታለሁ።

መካኒክ፦ አጥፋ። አሁን የት ደረሰ?

ረዳት፦ ትንሽ ከፍ አለ። ሁለት ሚሊ ቢሆን ነው።

መካኒክ፦ የቶዮታ መጽሐፍ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ይታመቃል። ውስጧ አየር ቢኖር ሞተሩ ሲጠፋ ተንፈስ ይልና ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋው ነበር። በአይንህ የማታየውን አየር የምትለካው እንዲህ ነው። አውርዳት፤ ሂድና ካርቶን ፈልግ።

(በማግስቱ ጠዋት። ባለመኪናው ካርቶኑን በሁለት እጁ እንደ ሥዕል ይዞ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።)

መካኒክ፦ ምን ትላለች?

ባለመኪና፦ አንድ ጥቁር ጠብታ አለች ጋሼ።

መካኒክ፦ እሷ የሞተሩ ናት፤ የድሮ ናት። ቀይስ?

ባለመኪና፦ ቀይ የለም። ዛሬ ሲነሳም ትንሽ ጉርምርም አለችና ተወችው። መሪዋን በአንድ ጣት አዞርኳት።

መካኒክ፦ ጥቁሯን በሌላ ቀን እናያታለን። ሂድ፣ ሥራህ አይቅርብህ።

ባለመኪና፦ እንግዲህ ለመንገድ ትርፍ ዘይት ገዝቼ ልያዝ?

(መካኒኩ አልመለሱም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከመነጽራቸው በላይ ዝም ብለው አዩት።)

ባለመኪና፦ …የመሪ ማለቴ ነው። ቀዩን።